ከበሮው ለዘበ

የጆሮ ሐኪሙ በር ላይ ተራ ስንጠብቅ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ጢሙ ሸብቷል፤ ጥቁር ካናቴራው ላይ ግን የራስ ቅል ያገጥጣል። የስልኩን ድምፅ ለቆ ስለሚወዱት ግሩቭ ሜታል የተባለ ከባድ ሮክ የሚጫወት ባንድ አዲስ አልበም ከጓደኛው ጋር ይሟገታል።

"ስድስት ዓመት የጠበቅነው ለዚህ ነው? ከበሮውን በትራስ ነው እንዴ የሚመቱት?"

"ኧረ እንዲህ ከብዶ አያውቅም!"

"አንተ ድሮም ጆሮ የለህም!" ብሎ ዘጋበት። ወደ እኔ ዞረና፣ "አባባ፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱ" ሲል አልበሙን ከፍቶ አንገቱ ላይ የነበረውን ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አጠለቀልኝ።

ከበሮው ሰው ሠራሽ ጥርሴን አንቀጫቀጨው። ዕድሜዬን እውነትን ስፈልግ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ዓይኑ ውስጥ ያለውን ፍርሃት ሳይ ግን እውነቱን መናገር አልሆነልኝም።

"ለዝቧል ልጄ። ተጫዋቾቹ አርጅተው ይሆናል።"

"ተመስገን! እኔ እኮ ጆሮዬ መስሎኝ ነበር" ብሎ ወደ ቤቱ ሊሄድ ተነሳ።

ነርሷ የእሱን ስም ለሦስተኛ ጊዜ እየጠራች ነበር። እጁን ይዤ እኔው አስገባሁት።