ወንድሜን ያልላጨሁባቸው አራት ቀናት

የመጨረሻው ቀን ረቡዕ ነበር። ረቡዕ መሆኑን አልረሳም። በማግስቱ አንዲት ሴትዮ ከካውንስሉ፣ ከአካባቢው አስተዳደር፣ ልትመጣ ቀጠሮ ነበራት።

ታላቅ ወንድሜ ከአንገቱ በታች አይንቀሳቀስም። እዚህ ውጭ አገር፣ አርችዌይ ባለው መኖሪያ ፍላታችን የማጥበውም የማጎርሰውም እኔ ነበርኩ። ካውንስሉ ለዚህ ይከፍለኛል፤ አብሮ ለሚኖር ዘመድ ስለማይከፈል በልዩ ፈቃድ ነው። በዓመት አንዴ አሰስመንት አለ። ሰው መጥቶ ይጠይቃል፣ የሚከፈልልን ሰዓት በመልሱ ይወሰናል። አምና እማዬ ሸሚዙን ተኩሳ ሽቶ ቀባችው። እሱም ለተጠየቀው ሁሉ "ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን" አለ። ሰውየው የሰማውን ጻፈ። ሰዓታችን በግማሽ ተቀነሰ። ዘንድሮም ከተቀነሰ እኔ ሌላ ሥራ ልገባ፣ እሱን የማያውቀው ሰው ሊያጥበው ነው።

ስለዚህ ሴትዮዋ ችግሩን በዓይኗ እንድታይ ከእሑድ ጀምሮ አልላጨሁትም። እሱ ደግሞ ጢሙን ሳይላጭ ሰው ፊት አይቀርብም።

"መነኩሴ አስመሰልከኝ" አለ።

"መነኩሴ እንኳ ዝም ይላል፣ ጋሼ።"

"ሠራተኛ አለቃውን እንዲህ አይናገርም። አባርርሃለሁ።"

"ካባረርከኝ ጢምህን ማን ያክክልሃል?"

አሰበ። "እሺ፣ መጀመሪያ እከክልኝ። ከዚያ ትባረራለህ።"

ከሰዓት በኋላ ተለማመድን። የእማዬን መነጽር አድርጌ ሴትዮዋን ሆንኩ።

"ራስህ መልበስ ትችላለህ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን።"

"ጋሼ፣ አልችልም በል።"

"አል..." ሳቁ መጣ። እማዬ "ገበናችንን ልታወጡ ነው?" ብላ ልትቆጣን ከወጥ ቤት መጣች። መነጽሯን እኔ ፊት ላይ ስታየው ግን ተቀመጠች። ሦስታችንም እንባችን እስኪመጣ ሳቅን። በመጨረሻ ወንድሜ ቀስ ብሎ "አልችልም" አለ። ወዲያው ደግሞ፣ "አሁንስ ትላጨኛለህ?"

"ነገ፣ ሴትዮዋ እንደወጣች" አልኩት።

ሌሊቱን በእንቅልፉ አረፈ። ስለ ሌሊቱ ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ጠዋት የጠራነው ሐኪም መሞቱን አረጋግጦ ሲወጣ ውሃ አሞቅኩ።

"ሴትዮዋ ትመጣለች እኮ፣ ደውለህ አትምጪ በላት" አለች እማዬ።

"ትምጣ" አልኩ።

እሱ እንደሚወደው ከጆሮው ሥር ጀመርኩ። አገጩ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ "ቀስ" ይለኝ ነበር። ቀስ አልኩ። የበሩ ደወል ሲጮህ ቀኝ ጉንጩ ብቻ ቀርቶኝ ነበር። እማዬ ልትከፍት ሄደች። እኔ አላቆምኩም።