አጎቴ ስልኬ ላይ ያስቀመጣቸው ምልክቶች

ላሊበላ ውስጥ እንግዳ በማመላለስ የምኖር ሹፌር ነኝ። መኪናዬ ላይ፣ ከፊት መስታወቱ ሥር፣ አንድ ፈረንጅ ደንበኛዬ ወደ አገሩ ሲመለስ የተወልኝ መንገድ የሚያሳይ ጂፒኤስ ነበር። እኔ እኮራበታለሁ፤ አጎቴ ደግሞ ባየው ቁጥር ይስቅብኛል። አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ አስጎብኚ ነበርና የላስታን ተራራ በእግሩ ሲያካልል የኖረ ሰው ነው። «ይሄ ሣጥን ላስታን መች ያውቃታል? እስቲ ስልክህን ወዲህ በል» አለኝ አንድ ቀን። ያለ ኔትወርክ የሚሠራ ካርታ ጫነልኝና ሲዞር ምልክት ያደረገባቸውን ቦታዎች ሁሉ ላከልኝ። ደስ ይበለው ብዬ ተቀበልኩት እንጂ አንድም ቀን ከፍቼ አላየሁትም።

ባለፈው ክረምት አንድ ቀን ማለዳ ላይ ተደወለ። አጎቴ ከሙጃ ማዶ ወዳለችው የእሱና የእናቴ የትውልድ መንደር ዘመድ ሊጠይቅ ሄዶ ሳለ፣ አመመኝ እንኳ ሳይል ሞቷል። ቀብሩ የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ነው። እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መኪና ውስጥ ገባች። «አፈር ሳይለብስ አድርሰኝ፤ ሌላ ምንም አልልህም» አለችኝ።

ሙጃን አለፍ እንዳልን የማውቀውን መንገድ ጎርፍ ቆርጦታል። ኔትወርክ የለም፤ የምጠይቀው ሰው እንዳላገኝ ዝናቡ ሁሉንም ቤቱ ከቶታል። እናቴ ከመንደሯ የወጣችው ገና ልጅ ሳለች በእግሯ ነው፤ የመኪናውን መንገድ ከየት ታውቀዋለች? እኛ ዘንድ መንደር የሚጠራው በታቦቱ ነው፤ የእናቴም መንደር ጊዮርጊስ ስለሚባል ጂፒኤሱ ላይ ጊዮርጊስን ፈለግሁ። ከውስጡ አንዲት ሴት በእንግሊዝኛ ወደ ኋላ ተመለስ አለችኝ። ለካ ዕቃው የሚያውቀው ጊዮርጊስ አንድ ብቻ ነው፤ ያ ከዓለት የተፈለፈለው፣ ጠዋት ከደጁ ተሳልመን የተነሳነው የላሊበላው። ደሜ ፈላ። ከነመቆሚያው ነቅዬ ወደ ኋላ ወንበር ወረወርኩት።

«ተው የኔ አባት፤ ዕቃው ምን በደለህ?» አለች እናቴ።

ያኔ የአጎቴ ካርታ ትዝ አለኝ። ስልኬን ስከፍት ኔትወርክ ባይኖርም ካርታው ላይ አለን፤ ሰማያዊ ነጥብ ሆነን መንገዱ ላይ ቆመናል። ዙሪያችንን የአጎቴ ምልክቶች ሞልተውታል፤ እያንዳንዱ ሥር ራሱ የጻፈው ቃል አለ። ቅርባችን ያለውን ነካሁት። «ጎርፍ ሲቆርጠው መኪና በዚህ ይዙር» ይላል። ዞርኩ።

እየነዳሁ ጮክ ብዬ አነብላታለሁ። «ቀስ፣ ድንጋዩ ያዳልጣል።» ቀስ አልኩ፤ እውነትም ያዳልጣል። «ገደሉን አትይ፣ ፊት ፊትህን እይ።» ሰውየው ተገንዞ ተኝቷል፤ እዚህ ደግሞ እኔን መሪ አስይዞ ይመክረኛል። እናቴ ማልቀሷን ትታ ጆሮዋን ሰጥታለች። «እስቲ ድገመው፤ እንዲሁ ነው የሚያወራው» ትለኛለች።

አንድ ምንጭ አጠገብ ስንደርስ እዚያ የጻፈውን አነበብኩ። «እህቴ እንስራ የሰበረችበት። እኔ ነኝ ብዬ የተገረፍኩላት።»

እናቴ ሳቀች። በዚያ ሁሉ ሀዘን መሀል ከልቧ ሳቀች፤ ከዚያ ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች።

በእኛ አገር አስከሬን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ መንገድ ላይ እያሳረፉ ፍትሐት ያደርሱለታል። እኛ ብቅ ስንል ካህናቱ የመጨረሻው ማረፊያ ላይ ቆመዋል። እናቴ መኪናው ሳይቆም በሩን ከፍታ ወረደች። ቃሬዛው ላይ ተደፍታ «መንገዱን አንተው እያሳየኸኝ መጣሁ፣ ወንድምዬ» አለች።

ለቀስተኛው ሀዘን ያናገራት መስሎት አብሯት አለቀሰ። እውነቷን መሆኑን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።