መበየጃውና ረጅሙ ጸሎት

በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ስዊድን አገር፣ ሃግሴትራ በሚባል ሰፈር ውስጥ ባለ አንድ ክፍል ቤት በአንድራሃንድ፣ ማለትም ከሌላ ተከራይ ላይ ተከራይተን እንኖር ነበር። ልጃችን ገና የወር ልጅ ነበረች። ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥበት ሎፒስ የገዛሁትን ርካሽ የመበየጃ ብረት ባለቤቴ ገና ስታየው፣ «ይሄ ነገር ልጄ ባለችበት ቤት አይሰካም» አለች። እውነቷን ነው። ሙቀት መቆጣጠሪያ የለው፣ ማስቀመጫ የለው፤ ሲሰኩት እጀታው ሳይቀር ይግላል። እኔ ደግሞ አዲስ አበባ ስድስት ወር ሬዲዮ ጥገና ስለተማርኩ ራሴን ኢንጂነር አድርጌ ቆጥሬዋለሁ።

የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት የጸሎት ኅብረታችን ሽማግሌ የተበላሸውን የመዘምራኑን አምፕሊፋየር ተሸክመው ከች አሉ። «ለነገ ያስፈልጋል፤ በርታ እንግዲህ» አሉኝ። ባለቤቴ እሳቸው ፊት ልትቆጣኝ አልቻለችም፤ በዓይኗ ግን ልክ ልኬን ነገረችኝ። ብረቱን ሰካሁና የሻይ ሰሃን ላይ አጋደምኩት።

«ሥራውን በጸሎት እንጀምር» አሉ ሽማግሌው።

ያኔ መንቀል ነበረብኝ። አጭር ይሆናል ብዬ ተውኩት፤ የእሳቸውን ጸሎት እንደማያውቅ ሰው። ከአምፕሊፋየሩ ወደ መዘምራኑ፣ ከመዘምራኑ ወደ ስደተኛው ሁሉ ተሻገሩ። ኢትዮጵያ ሲደርሱ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ዓይኔን ልግለጥ? ሽማግሌ እየጸለዩ? እፍረት ያዘኝ። እሳቸውን ካልሸተታቸው የጎረቤት ድስት ይሆናል አልኩና «አሜን፣ አሜን» እያልኩ ጨፍኜ ቀረሁ። ጭሱ ጉሮሮዬን ሲከረክረኝ እንኳ ሳሌን ልቅሶ አስመሰልኩት።

ጸሎቱ አልቆ ዓይኔን ስገልጥ፣ ብረቱ ከሰሃኑ ተንከባሎ የአከራያችንን ምንጣፍ መዳፍ በሚያክል ቀዳዳ በስቶታል። ከልጄ አልጋ የቀረው ሁለት ስንዝር ነው። ሶኬቱ ግን ተነቅሏል። ባለቤቴ በአንድ እጇ ልጇን አቅፋ፣ በሌላው ገመዱን ይዛ ቆማለች።

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔንም ሸቶኝ ነበር» አሉ፤ «ለስዊድን ንጉሥ ሳልጸልይ ማቋረጡ ከብዶኝ ነው።»

ሳቅ አፈነኝ። ባዶውን አልጋ ሳየው ግን ወደ ባለቤቴ ዞርኩ።

«አንቺ መቼ ነው ዓይንሽን የገለጥሽው?» አልኳት።

«እኔ ከወለድኩ ወዲህ» አለች፣ «ጨፍኜ ጸልዬ አላውቅም።»