ለአንድ ጆሮ ብቻ

አባቴ መርፌ ይፈራል። ሌላ የሚፈራው ነገር ስለመኖሩ አላውቅም። ዕድሜ ልኩን በግንበኝነት የሠራ፣ በቤተ ክርስቲያናችን በሽማግሌነት የሚከበር፣ ሰው ሲደባደብ መሀል ገብቶ የሚገላግል ሰው ነው። መርፌ ያየ ቀን ግን የሚገባበት ቀዳዳ ያጣል። እግዜር ደግሞ ቀልድ ያውቃልና አንዲት ልጁን ነርስ አደረጋት።

ጭሮ ውስጥ ጤና ጣቢያ እሠራለሁ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ውስጥ ያለነው እኔና አባቴ ብቻ ነን። ሁለታችንም ቁጡዎች ስለሆንን ቤታችን ወይ ሳቅ ነው ወይ ኩርፊያ። መሀሉን አናውቅበትም።

ከሁለት ዓመት በፊት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ አባቴ ምግብ አስጠላው። «ሆዴን ነፋኝ» ይላል፣ ሁለት ጉርሻ ጎርሶ ሳህኑን ይገፋል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብሎ ፀሐይ ሲሞቅ ዓይኑን አየሁት። ነጩ ብጫ ሆኗል። ሥራዬ ነውና አላመነታሁም። ነገ ጠዋት ሆስፒታል እንሄዳለን አልኩት።

«የትም አልሄድም» አለ። «የወፍ በሽታ ነው። የወፍ በሽታ መርፌ አይወድም።»

ይህን የማይል ሰው እዚህ አገር ማግኘት ይከብዳል። ከገለምሶ እስከ ቦርደዴ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ የተማረውም ያልተማረውም፣ ዓይኑ ብጫ የሆነ ሰው መርፌ ከተወጋ ይሞታል ብሎ ያምናል። በኦሮምኛም ስሙ ያው የወፍ በሽታ ነው፣ ዱኩባ ሲምቢራ። ሰው ከሚኒባስ ተደግፎ ወርዶ፣ ገና አልጋው ላይ ሳይጋደም «ሲስተር፣ ማሎ፣ መርፌ ብቻ እንዳትወጊኝ» ብሎ ይለምነኛል። ለሌላው ሰው ትዕግሥት አለኝ። ቁጭ ብዬ አስረዳለሁ፤ ጉበት የቱ ጋ እንዳለ፣ ምን እንደሚሠራ ወረቀት ላይ ሥዬ ሳይቀር አሳያለሁ። ለአባቴ ግን ትዕግሥቱ አልመጣልኝም። ጮህኩበት። አገሩን ሁሉ ሳስተምር ውዬ በገዛ ቤቴ መሳቂያ አታድርገኝ አልኩት። እሱም «እኔ ቤቴ ውስጥ ነርስ አልቀጠርኩም» ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ።

በማግስቱ ጠዋት «እንዴት አደርክ» ስለው ዝም አለ። አየኝ፣ አፉን ግን አልከፈተም። አኩርፏል አልኩ። እኔስ ከማን አንሼ! ዘጋሁት። በሁለተኛውም ቀን ጠዋት ዝም። በሦስተኛውም ዝም። ከሥራ ስመለስ ግን ያናግረኛል፤ «እስቲ ውኃ» ይለኛል፣ ውሎዬን ይጠይቀኛል። እኔ የጠዋቱን ቂም ይዤ በአንድ ቃል እመልስለታለሁ። ጠዋት ጠዋት አኩርፎ ከሰዓት የሚታረቅ ሰው አይቼ አላውቅም፤ ቢሆንም አልጠረጠርኩም። ጤና ጣቢያ ለሚመጣ በሽተኛ ሁሉ ካርዱን ከፍቼ መጀመሪያ ከምጠይቃቸው ነገሮች አንዱ «የባህል መድኃኒት ወስደዋል ወይ?» የሚል ነው። አባቴን ግን ሳልጠይቀው ሦስት ቀን አለፈ። ይህ ዛሬም ያንገበግበኛል።

የሆነው እንዲህ ነው። ከቅንጭብ አጥራችን ማዶ ሰባን ያለፉ እናት ይኖራሉ። ባላቸው ጫት ነጋዴ ነበሩ፣ ካረፉ ቆይተዋል። ልጆቻቸው ድሬዳዋ ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ እማማ ነው የሚላቸው። ጓሯቸው ውስጥ የሌለ ነገር የለም፤ ጤና አዳሙ፣ እሬቱ፣ ግራዋው፣ ዳማ ከሴው። ምች ለመታው፣ ሆዱን ለቆረጠው፣ ለሚያስለው ሁሉ ቅጠሉን ቆርጠው፣ ስሙን ነግረው፣ አጠቃቀሙን አስረድተው ይሰጣሉ። ለወፍ በሽታ የሚሰጡት ግን ስሙን የሚያውቅ የለም። ሥር መሆኑ ይታወቃል፣ ከየት እንደሚያስመጡት አይታወቅም። በትንሽ ሙቀጫ ራሳቸው ወቅጠው፣ በወተት በጥብጠው፣ ፀሐይ ሳትወጣ ያጠጣሉ። የጠጣ ሰው ፀሐይዋ ከፍ እስክትል ድረስ ለማንም ቃል አይተነፍስም። መጠጣቱንም ለቤተሰቡ አይናገርም። ከተናገረ መድኃኒቱ ይረክሳል፣ አይሠራም ይባላል።

አባቴ ሦስቱንም ቀን ጎህ ሲቀድ በአጥሩ ሽንቁር አልፎ፣ ጠጥቶ ይመለስ ነበር። አላኮረፈኝም። መድኃኒቱ እንዳይረክስበት ነው አፉን የገጠመው። እማማ «ቢስሚላህ» ብለው ሲያቀብሉት እሱ በልቡ በኢየሱስ ስም እያለ ይጠጣ እንደነበር በኋላ ነገረኝ። በዚህ በኩል ምንም ጠብ አልነበረም።

በአራተኛው ቀን ጠዋት መነሳት አቃተው። ያስመልሰዋል። ስጠራው ዓይኑን ገልጦ መልሶ ይከድነዋል። የልቡን ምት ቆጠርኩ፤ የተሳሳትኩ መስሎኝ ደግሜ ቆጠርኩ። በጣም ዘግይቶ ነው የሚመታው። ባጃጅ ጠራሁና ከሾፌሩ ጋር ተጋግዘን አስገብተነው ሆስፒታል ደረስን።

ሐኪሙ ወጣት ነው፣ የረጋ። መርምሮት ሲያበቃ ወደ እኔ ዞረ። «የጠጣው ነገር አለ» አለ። «ጉበቱ ብቻውን ልቡን እንዲህ አያደርገውም። ምን እንደጠጣ ካወቅኩ የምሰጠውን አውቃለሁ። ካላወቅኩ የምሰጠው መድኃኒት ራሱ ሊጎዳው ይችላል።»

«ምንም አልጠጣም» ልለው አፌን ስከፍት ነው ሦስቱ ጠዋቶች የገቡኝ። አባቴ ላይ አጎነበስኩና «አባዬ፣ እማማ ጋ ምንድን ነው የጠጣኸው?» አልኩት። ከንፈሩን ገጥሞ ራሱን ነቀነቀ። ስሙን እንደማያውቀው ልቦናዬ ያውቃል። ግን ጠጥቻለሁ እንኳ ማለት አልፈለገም። ሊሞት እየደረሰ መድኃኒቱ እንዳይረክስ ይጠነቀቃል። ልመታው ምንም አልቀረኝም።

በዚያው ባጃጅ ወደ ሰፈር በረርኩ። እማማ ጓሮ ውስጥ ውኃ ያጠጣሉ። ሰላም ሳልላቸው «እማማ፣ አባቴ ሊሞትብኝ ነው፤ ምን እንዳጠጡት ይንገሩኝ» አልኳቸው።

የያዙት ጣሳ ከእጃቸው ወደቀ። «ወላሂ በጥቂቱ ነው የሰጠሁት» አሉ። «ከሱ በፊት ስንቱ ድኗል።»

«አውቃለሁ እማማ። ስሙን ብቻ ይንገሩኝ።»

ሻሻቸውን አስተካክለው ቀድመውኝ ባጃጁ ውስጥ ገቡ። መንገዱን ሙሉ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ዱዓ ያደርጋሉ። እኔ ውስጤ እየነደደ ነው። ሰው እየሞተ ምን የሚሉት ምስጢር ነው! ክፉ ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። እንኳንም ዋጥኩት።

የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ስንደርስ ቆም ብለው እጄን ያዙኝ።

«ስሚኝ ልጄ» አሉ። «ይህን አባቴ ነው የሰጠኝ። እሱም ከአባቱ ነው ያገኘው፣ ከአሰቦት በታች ቆላው ውስጥ ከብት ሲጠብቁ። ሊሞት ሲል ጠርቶ በጆሮዬ ነገረኝ። ለአንድ ሰው ብቻ ትናገሪያለሽ አለኝ፣ እሱንም ሞትሽ ሲቃረብ። የተናገርሽ ቀን እጁ ካንቺ ይወጣል፣ ወደሰማሽ ሰው ይሄዳል። የሚያድነው እጅ ማለቴ ነው። እኔ ለልጄ ልጅ ነበር ያሰብኩት።»

«እማማ፣ እባክዎ...»

«ለሐኪሙ አልነግረውም። ምኔ ነው? ላንቺ ነው የምነግረው። አንቺ ወስደሽ ያሻሽን አድርጊ።»

ጎንበስ አልኩላቸው። የሥሩን ስም፣ የሚበቅልበትን፣ የሚለካበትን መጠን አንድ በአንድ በኦሮምኛ ነገሩኝ። ሲጨርሱ እጄን ለቀቁና ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ።

ከእሳቸው እስከ ሐኪሙ አሥር እርምጃ ቢሆን ነው። ሰዎች ሞት አልጋ ላይ ብቻ ሲቀባበሉት የኖሩትን ቃል አሥር እርምጃ እንኳ አላቆየሁትም። በሩን ከፍቼ ነገርኩት። ሐኪሙ ስልኩ ላይ አንድ ነገር ተመለከተ፣ ለሌላ ሐኪም ደወለ፣ ሊሰጠው የነበረውን ትቶ ሌላ መድኃኒት አዘዘ። በመርፌ የሚሰጥ ነበር። አባቴ ክንዱን ሊሰበስብ ሞከረ፣ አቅም አጣ።

ሁለት ቀን አስፈራን። በሦስተኛው ቀን ልቡ ተስተካከለ፣ ሾርባ ጠጣ። ለጉበቱም የሚያስፈልገው ሕክምና ተጀመረለት። አጠገቡ ቁጭ ብዬ ተመስገን ስል ዓይኑን ገለጠና «ማን ነገረሽ?» አለኝ። ነገርኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ሴትዮዋን ባዶ እጇን አስቀረሻት» አለኝ።

ደሜ ፈላ። «አንተ ብትሞት ነው የሚሻለው?» ብዬ ጮህኩ፣ ክፍሉ ውስጥ ያሉት አስታማሚዎች ሁሉ ዞረው እስኪያዩኝ። ትንሽ ቆይቶ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ እያለቀሰ ነው። እኔም አለቀስኩ።

እውነቱን ልናገር። አንድ ተክል ስሙ ስለተጠራ ኃይሉን ያጣል ብዬ አላምንም። ሐኪሙም አስረድቶኛል፤ ያ ሥር ልብን ያዘገያል፣ ጠንካራ ሰው የሚችለው መጠን ለደከመው አባቴ በዝቶበታል። በዚህ እርግጠኛ ነኝ። እማማ ግን የሚያምኑት ሌላ ነው። በእሳቸው እምነት ከአባታቸው የቀራቸውን አንድ ነገር፣ ለልጃቸው ልጅ ያስቀመጡትን፣ ለጎረቤት ሲሉ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ሰጡት። ይህን ሳስብ እርግጠኝነቴ አያጽናናኝም። የሥሩን ስም ከዚያ ቀን ወዲህ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። እዚህም አልጽፈውም።

ይቅርታ ልጠይቃቸው ስንት ጊዜ ሄጃለሁ። ገና «እማማ፣ ያን ቀን...» ስል «አብሽሪ ልጄ» ብለው ያቋርጡኛል። አንድ ቀን ፊቴን አይተው «ራስሽን አሞሻል» አሉና ዳማ ከሴ ቆረጡልኝ። «ይሄ ዳማ ከሴ ነው» አሉኝ፣ የማላውቀው ይመስል። «አሽተሽ አሽትቺው።» ወስጄ አሸተትኩት።

ለወፍ በሽታ ግን ከዚያ ወዲህ ማንንም አላከሙም። በራቸውን ለሚያንኳኳ «እጄ ወጥቷል» ይላሉ። «ጤና ጣቢያ የምትሠራው የጎረቤቴ ልጅ ጋ ነው ያለው፣ እሷ ጋ ሂዱ።» ሰው መምጣት ጀመረ። ከከተማው፣ ከገለምሶ፣ ከቦርደዴ። ተራቸው ሲደርስ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «እማማ ናቸው የላኩን፤ እጁ አንቺ ጋ ነው አሉን» ይሉኛል። መጀመሪያ ጊዜ ስሰማው ደነገጥኩ። ሥር እንደማልሰጥ ልምል ቃጣኝ። አንዲት እናት ዓይኗ ብጫ የሆነ ኮረዳ ልጇን ይዛ መጥታ ነበር። «ለምርመራ ደም መቅዳት አለብኝ፣ በመርፌ ነው» አልኳት፣ ለክርክሩ ተዘጋጅቼ። ሴትየዋ ምንም ሳትል የልጅቷን እጅጌ ሰበሰበች። «አንቺ ከሆንሽ ግድ የለም» አለች። እኔ ዓመታት በሥዕልና በልመና ያላሳመንኩትን ሰው እማማ በአንድ ቃል ክንዱን ያዘረጉልኛል። አስበውበት ያደርጉት እንደሆነ፣ ወይም የሚያምኑትን ብቻ ይናገሩ እንደሆነ አላውቅም። ለመጠየቅ ድፍረቱ የለኝም።

ዘንድሮ በጋ ላይ እማማን ሳል ያዛቸው። ጓሯቸው ውስጥ ያለውን ሁሉ ሞከሩት። እየባሰባቸው ሲሄድ ልጆቻቸው ከድሬዳዋ መጡ፤ ሆስፒታል እንውሰድዎት ቢሏቸው እምቢ አሉ። ሐኪም ተለምኖ ቤት ድረስ መጥቶ አያቸው። ሳምባ ምች ነው አለ፣ በየቀኑ የሚወጉት መርፌ አዘዘ። በዚያ ሁሉ ዕድሜያቸው አንድም ቀን መርፌ ነክቷቸው አያውቅም። መድኃኒቱን ይዤ ስገባ ልጆቻቸው በር ላይ «እሺ አይሉሽም፣ አትልፊ» አሉኝ። እኔም እሺ ይላሉ ብዬ አላሰብኩም። አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ መድኃኒቱን በሲሪንጁ ስቤ መጠኑን ሁለት ጊዜ አመሳከርኩ። በቀን ስንቱን የምወጋ ሴት!

«እማማ፣ ትንሽ ያምዎታል» አልኳቸው።

ዓይናቸውን ገልጠው እጄን አዩት። ብዙ አዩት። ከዚያ እጅጌያቸውን ራሳቸው ሰብስበው ክንዳቸውን ዘረጉልኝ።

«የገዛ እጄ ነው» አሉ። «አይጎዳኝም።»