ድምጿን የማጥፋት ሥራ

ቦንጋ ውስጥ ሥራህ ምንድን ነው ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው «ኮምፒውተር ነው» ብዬ አልፋለሁ። ከዚያ በላይ ካወራሁ ተበላሽቶ የተቀመጠ ላፕቶፑን ይዞልኝ ይመጣል። እውነቱን ለመናገር ግን፣ ለረጅም ጊዜ ከሥራዬ ትልቁ ማጥፋት ነበር። ማታ አጠፋለሁ፤ ጠዋት መልሼ አቆማለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጎጃም ተመድቤ ስመጣ ደካ ከሚባል ገጠር ከመጣች አንዲት ልጅ ጋር አንድ ክፍል ሰጡን። ገበሬው በስልክ ደውሎ የማርና የኮረሪማ ዋጋ በካፊኖኖ፣ በአገሬው ቋንቋ፣ የሚሰማበትን መስመር እንድንሠራ ነበር፤ ሺሺንዳ ገበያ ወጥቶ ነጋዴው የጠራለትን ከመቀበሉ በፊት ቦንጋ ስንት እንደዋለ እንዲያውቅ። የቦንጋን መብራት የሚያውቅ ሰው ሰርቨር ቢሮ ውስጥ አያስቀምጥም። ስለዚህ ክላውድ ላይ አደረግነው፤ ማለትም አይተነው በማናውቀው አገር በተከራየነው ኮምፒውተር ላይ። ማታ ዋጋ የሚጠይቅ ገበሬ ስለሌለ፣ ያለ ሥራ ለሚያድር ነገር ኪራይ እንዳይቆጠርብን ከቢሮ ስንወጣ ሁሉንም በኮድ እናጠፋዋለን። ጠዋት ያው ኮድ እንደነበረ መልሶ ያቆመዋል፤ የዕለቱን ዋጋ እኛ እንሞላበታለን። ሳይጠፋ የሚያድረው ዋጋውን የሚናገረው ድምፅ የተቀመጠበት ቦታ ብቻ ነበር። እሱን የሚያጠፋ ትዕዛዝ ሁሉ ሁለት ሰው ካልፈቀደ እንዳይሠራ አድርጋ ኮዱን የጻፈችው እሷ ናት። ሁለቱ ሰዎች እኔና እሷ ነበርን።

ድምፁም የእሷ ነው። የቀዳነው የወረቀት ካርቶን በሚቀመጥበት ትንሽ ክፍል ውስጥ፣ በሩን ዘግተን፣ በላያችን ላይ ብርድ ልብስ ጥለን ነው። ዝናቡ እስኪያባራ እንጠብቅ ብንል ደግሞ ዓመቱ ያልቅብናል። ስለዚህ ኮረሪማ በምትልበት ጊዜ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ አብሮ ይሰማል። ሰላምታውን፣ የዕቃዎቹን ስም፣ ቁጥሮቹን ለየብቻ ቀዳች፤ ኮዱ ደግሞ የዕለቱን ዋጋ እያየ ይገጣጥማቸዋል። ጨርሳ ብርድ ልብሱን ስትገልጥ ፀጉሯ ተንጨባሮ ነበር፤ ልነግራት ፈልጌ አፈርኩ።

«ሥራው ሲያልቅ ታጠፋልኛለህ» አለችኝ። «አንተ ራስህ። እኔ በሌለሁበት ድምፄ ብቻውን እንዲያወራ አልፈልግም።»

«ገና ሳይጀመር ማለቂያውን አሰብሽ?»

«ቃል ግባ።»

ገባሁላት። ያኔ ማለቅ የሚባል ነገር አልታየኝም ነበር።

የማታው ማጥፋት የራሱ ወግ ነበረው። ኮዱ ከማጥፋቱ በፊት የሚያጠፋውን ሁሉ ደርድሮ ያሳይና ይጠብቃል። እኔ እንደ ልማዴ ሳላነብ እሺ ብዬ የማልፍ ሰው ነኝ፤ በዚህ ምክንያት አንድ ጊዜ ያለፈ ሳምንት ዋጋ ሳይጠፋ ቀርቶ የደካ ገበሬዎች እሱን ሲሰሙ ውለዋል። ከዚያ ወዲህ አልታመንኩም። እሷ ጮክ ብላ ታነባለች፣ እኔ በእያንዳንዱ ላይ «ይጥፋ» እላለሁ። የእድር ጸሐፊ ስም እንደሚጠራው ነበር የምታነበው፤ ቀስ ብላ፣ አንዱንም ሳትዘል። ውጭ ባጃጆቹ ጡሩምባቸውን ይነፋሉ፤ ሌላው ሠራተኛ ሁሉ ወጥቷል። ዝርዝሩ እንዲረዝም ብዬ አንዳንድ የማያስፈልግ ነገር ኮዱ ውስጥ ጨምሬ አውቃለሁ። እወዳት ነበር። አልነገርኳትም። ስንጨርስ እሷ ባጃጅ ትይዛለች፣ እኔ በእግሬ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ።

አባቷ ደካ ነው የሚኖሩት። ማርም ኮረሪማም የላቸውም፤ ግን በየጠዋቱ ወደ መስመሩ ይደውላሉ። «ዋጋውን ምን ያደርጉበታል?» ብዬ ስስቅ፣ «እኔን ለመስማት ነው» አለችኝ። «እኔን ራሴን ከደወሉልኝ ሥራ አስፈታኋት ብለው ይጨነቃሉ።»

ኋላ እኚህ አባቷ ደከሙ። እሷም ዝውውር ጠይቃ ወደ ደካ ሄደች። መሸኛ ሻይ ተጠጣ፤ ሁሉም እየተነሳ መረቃት፤ እኔ ተራዬ ሲደርስ ስለ ይለፍ ቃል አወራሁ። ምትክ አልተመደበላትም፤ በኮዱ ላይ ያላት ፈቃድም እንዳለ ቀረ። ማታ ማታ ዝርዝሩን እኔው አነባለሁ፣ እኔው «ይጥፋ» እላለሁ። በር የሚዘጋው ጥበቃ መጀመሪያ ሰሞን ከማን ጋር እንደማወራ ለማየት ብቅ ይል ነበር፤ በኋላ ተወኝ።

ደካ ባሕር ማዶ አይደለም። ጠዋት መኪና ከተያዘ ተደርሶ ይዋላል። ግን ምን ብዬ ልሂድ? ለሰላምታ ብቻ ይህን ሁሉ መንገድ መጣ መባሉን ፈራሁ። እንደ አባቷ አደረግሁ። ጠዋት ሰርቨሩን ካቆምኩ በኋላ ወደ መስመሩ እደውላለሁ። ታነሳለች። በካፊኖኖ እንደምን አደራችሁ ትላለች፤ ማር ትላለች፤ ከዚያ እሷ ደካ ሆና የማታውቀውን የዛሬን ዋጋ በራሷ ድምፅ ትነግረኛለች። ከቋንቋው የሚገባኝ ሰላምታውና ቁጥሩ ነው። ለእኔ በቂ ነበር ብል ዋሸሁ። ስልኩን ስዘጋ ከመደወሌ በፊት ካለው የባሰ ትናፍቀኛለች፤ በማግስቱ ግን መልሼ እደውላለሁ።

ከዚያ ሥራው አለቀ። ለሁሉም ዞን የሚሆን ሌላ መስመር ተሠርቷልና የእኛ ይዘጋ ተባለ። አለቃችን ደግ ሰው ናቸው፣ ግን በኮሪደር ባገኙኝ ቁጥር «ያ ነገር ጠፋ ወይ?» ማለት ጀመሩ። መብራት የለም አልኩ፤ ኔትወርክ የለም አልኩ፤ ቦንጋ ውስጥ ሰበብ አይታጣም። አንድ ቀን አጠገቤ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «እኔን እዚህ አስቀምጠህ አጥፋው እንግዲህ» አሉኝ።

ሁለተኛው ፈቃድ ያስፈልግ ነበርና ደወልኩላት። በሄደች በዓመቷ ገደማ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ።

«ደረሰ?» አለች። ሰላምታ እንኳን አልተለዋወጥንም።

«ደረሰ።»

«ቆይ፣ ኔትወርክ ወዳለበት ልውጣ።»

ስትራመድ፣ ስትተነፍስ፣ ለአንድ ሰው ሰላምታ ስትመልስ ሰማሁ። ከዚያ የሚጠፋውን ስልኳ ላይ ከፍታ እንደ ድሮው ማንበብ ጀመረች። ስልክ የሚያነሳው ሰርቨር። ይጥፋ። ዋጋው የተመዘገበበት ዳታቤዝ። ይጥፋ። እነዚህን የሚያገናኘው ኔትወርክ። ይጥፋ። አለቃዬ ሰዓታቸውን ያያሉ። መጨረሻው ላይ ደረሰች።

«የድምፅ ማስቀመጫ» አለች። «ግልባጭ ይዘሃል?»

«አልያዝኩም።»

እውነቴን ነው። ለመገልበጥ ከፍቼ የዘጋሁት ስንት ጊዜ ነው፤ ቃሌ እየያዘኝ ተውኩት። ኮዱ ይጠብቃል፣ እሷም ትጠብቃለች። የመጨረሻው «ይጥፋ» እንዴት ከአፌ እንደወጣ አላውቅም። አለቃዬ ትከሻዬን መታ መታ አድርገውኝ ወጡ።

በማግስቱ ቢሮ ገባሁ፣ ሻይዬን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ፣ እጄም የለመደውን ትዕዛዝ ጻፈ። ልብ ያልኩት ኮዱ ሠርቶ ሲጨርስ ነው። ሰርቨሩ፣ ዳታቤዙ፣ ኔትወርኩ፣ የድምፅ ማስቀመጫው ሳይቀር፣ ትናንት ያጠፋነው ሁሉ ተመልሶ ቆሟል። ማስቀመጫው ግን ባዶ መሆኑን አሳምሬ አውቃለሁ። ኮድ ቤቱን ይሠራል እንጂ ውስጡ የነበረውን አይመልስም፤ ይህን አዲስ ለሚቀጠር ሁሉ የማስተምረው እኔ ነኝ። እያወቅሁ ደወልኩ። መስመሩ ተነሳ። እንደምን አደራችሁ የሚለው በሚመጣበት ቦታ ምንም አልነበረም። እስኪቋረጥ ድረስ ጆሮዬ ላይ ይዤው ቆየሁ። አልቅሼ ነበር፤ ሻይ ሊሰበስብ የመጣው ሰው አይቶኝ ብርጭቆውን ሳያነሳ ተመለሰ።

ይህንንም ለማጥፋት እንደገና የሁለት ሰው ፈቃድ ያስፈልጋል። ደወልኩላት።

«መልሰህ አቆምከው?» ብላ ሳቀች። ሳቋ ያልተቀዳ ነበር፤ ረስቼው ኖሯል። እያነበበች፣ እኔ «ይጥፋ» እያልኩ፣ ቶሎ ጨረስነው። የሚነበብ ነገር ሲያልቅ፣ «ድምፅሽ የለም፤ መስመሩ ባዶ ነው» አልኳት። «ባዶ መሆኑን በምን አወቅህ?» አለችኝ። «ደወልክበት እንዴ?»

መዋሸት እችል ነበር። ደከመኝ።

«በየጠዋቱ እደውል ነበር» አልኳት። «ከሄድሽ ጀምሮ። እንደ አባትሽ።»

ነፋስ ይሰማኛል፣ ከሩቅ ደግሞ ሰው ከብት ሲነዳ።

«እኔ እኮ አልሞትኩም» አለች በመጨረሻ፤ ድምጿ ውስጥ ቁጣም ነበረበት። «ስልኬም ያው ነው።»

«እሺ» አልኩ። ደህና ዋል ብላ ዘጋችው።

ከዚያ ወዲህ ቁጥሯን ብዙ ጊዜ አውጥቼ አይቼዋለሁ። ይህን ስጽፍም ስልኩ ፊቴ ነው። የሚጠፋ ነገር ሳይኖር ደውዬላት አላውቅም፤ ምን ብዬ እንደምጀምር እስካሁን አላገኘሁትም።