ንብ የገባበት ኦርጋን

ባሌ ዲበኩሉ አይዘፍንም፣ አይዘምርም፣ ጢሙን ሲላጭ እንኳ አያንጎራጉርም። ልጅ ሳለ ጎሬ ዜማ ሊማር ገብቶ ነበር። በሦስተኛው ቀን መምህሩ «ያንተስ ድምፅ ከጉድጓድ ነው የሚወጣው» ብለው ጓደኞቹን አሳቁበት። በዚያው ቀረ። አድጎ አናጢ ሆነ። መቱ ውስጥ በርና አልጋ ይሠራል፤ ሥራ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ግንድ እየቦረቦረ ለሁሩሙ ገበሬዎች የንብ ቀፎ ያዘጋጃል። ቀፎው ሲያልቅ ንብ ሽታውን ወዶ እንዲገባ ውስጡን ሰም ቀብቶ፣ በቅጠል ጢስ አጥኖ ነው የሚያስረክበው። ይህን ልብ በሉልኝ።

ጎረቤታችን ጋሼ ደበሳ በወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን የሚመቱት እሳቸው ነበሩ። ኦርጋን ስል በመብራት የሚሠራውን አይደለም፤ በእግር እየተረገጠ የሚጫወተውን የድሮውን ነው። ሆዱን አይጥ ከበላው ስምንት ዓመት አልፎታል። አምና ልጃቸው ኢሊሊ ልታገባ ስትል «አባባ ካልመታልኝ በቴፕማ አልገባም፤ በዝምታ እገባለሁ» አለች። ጋሼ ደበሳ ይህን ሲያጫውቱን ዓይናቸው እንባ አቀረረ። የእኔው ጉድ ታዲያ «እኔ እሠራዋለሁ» አይል መሰላችሁ! ኦርጋን ከውስጥ ምን እንደሚመስል በሕይወቱ አይቶ አያውቅም።

ጋሼ ደበሳ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ያዩትን ባለ ቱቦ ኦርጋን በክንዳቸው እየለኩ አስረዱት። ቁልፎቹን ከድሮው ነቀለ፣ ቱቦውን ከቀርከሃ ቆረጠ፣ ለንፋሱ እንደ አንጥረኛ ወናፍ ያለ ትልቅ ወናፍ አበጀ። የፍየል ቆዳውን የሰፋሁት እኔ ነኝ። በስፌት መኪናዬ ሦስት መርፌ አሰበረኝ፣ አንዱንም አልተካልኝም። ከዚያ አምስት ወር ሙሉ ቤታችን ፉጨት ብቻ ሆነ። እሱ ቀርከሃውን ትንሽ ቆርጦ ይነፋል፤ ጋሼ ደበሳ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ደግሞ ይቆርጣል። ልኩ ሲመጣ «ጋሪዳ! ጥሩ ነው!» እያሉ ጭኑን በጥፊ ያጮሉታል። እንደዚያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። እኔም ስነጫነጭ እውላለሁ እንጂ ደስ ብሎኝ ነበር።

ለመጨረሻው፣ ለወፍራሙ ድምፅ የሚበቃ ቀርከሃ ጠፋ። ስለዚህ የዋንዛ ግንድ ቦረቦረለት። እጁ የለመደው ሥራ ነውና ሳያስበው ውስጡን ሰም ቀባው፣ በጢስም አጠነው። እኔ ቆሜ እያየሁ ነው። ለእኔም ትክክል መስሎ ታየኝ።

ኦርጋኑ ሐሙስ ቤተ ክርስቲያን ገባ፤ ሠርጉ ቅዳሜ ነው። ዓርብ በምሳ ሰዓት ኢሊሊ እየሮጠች መጣች።

«ጋሼ ዲበኩሉ፣ ማሎ፣ እባክዎ ቶሎ ይምጡ! ኦርጋንዎ ውስጥ ንብ ገብቷል!»

ስንደርስ መንጋው በመስኮት ገብቶ ግንዱ ውስጥ ሰፍሯል። ሌላ ቀን ቢሆን እልል ባልን። ጋሼ ደበሳ ወንበር ላይ ተቀምጠው የወፍራሙን ድምፅ ቁልፍ በጣታቸው ይዳብሳሉ። ሙሽራዋ የምትገባበት መዝሙር እያንዳንዱ ስንኝ የሚያርፈው በዚያ ወፍራም ድምፅ ላይ ነው። ወደ ማታ ንቡ ሲረጋ ዲበኩሉ ግንዱን ከነንቡ ነቅሎ ወሰደው፤ እኔ ግንዱ የነበረበትን ቀዳዳ ንፋስ እንዳያፈስ በጨርቅ ወተፍኩት። ሌላ ግንድ ለመቦርቦር ጊዜ የለም። ባሌ እራቱንም ሳይበላ ቀረ።

ቅዳሜ ወናፉን የምጫነው እኔ ነበርኩ፤ እሱ ከኦርጋኑ ጀርባ ቆሞ ንፋስ የሚያፈስ ቦታ እንዳለ ይከታተላል። በሩ ተከፈተ፣ ኢሊሊ ብቅ አለች፣ ጋሼ ደበሳ ጀመሩ። ያ ሁሉ ቀርከሃ አብሮ ሲያዜም ሰውነቴን ወረረኝ። የመጀመሪያው ስንኝ መጨረሻ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው በልማድ ያንኑ ቁልፍ ተጫነ። ጭጭ። ኢሊሊ መሀል መንገድ ላይ ቀጥ ብላ ቆመች።

ከወደ ጀርባዬ «ኡምምም…» የሚል ድምፅ መጣ። መጀመሪያ ንቡ የተመለሰ መሰለኝ። ዞር ስል ባሌ ነው! ዓይኑን ጨፍኖ፣ በሁለት እጁ ኦርጋኑን ይዞ። ያንን ልክ በጆሮው ሲያሳድድ ከርሟልና ቅንጣት ዝንፍ አላለም። ጋሼ ደበሳ ዓይናቸውን ከቁልፎቹ ሳያነሱ «ኢቲ ፉፊ! ቀጥል!» አሉት። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ቀድሞ ጠበቃቸው። ሦስተኛው ላይ ከኋላ የተቀመጡት ወንዶች አገዙት። ኢሊሊ እየሳቀች ገባች፤ እኔ እያለቀስኩ ወናፉን ልረሳው ምንም አልቀረኝም።

ንቡ ዛሬ ጓሯችን ያለው ዛፍ ላይ ነው፤ ማሩንም ቀምሰናል። ዲበኩሉ በዚያው ወር ሌላ ግንድ ያለ ሰም ያለ ጢስ ሠርቶ ወሰደ። ጋሼ ደበሳ አመስግነው ተቀበሉት፣ ጥግ አስይዘው አቆሙት፣ ከዚያ በኋላ አልነኩትም። ቀዳዳው አሁንም በእኔ ጨርቅ እንደተወተፈ ነው። ሠርግ ሲኖር መጥተው በራችንን ያንኳኳሉ፤ ባሌም ፊቱን ታጥቦ፣ ኮቱን ደርቦ፣ መንገዱን ሁሉ ጉሮሮውን እየጠረገ ይከተላቸዋል።