የማይለወጥ ትንፋሽ

ዳርሊን በአሜሪካ ኔቫዳ ባለ ቁማር ቤት ፖከር የሚባለውን የካርታ ጨዋታ ስታጫውት ፀጉሯ ሸብቷል፤ እንደ እኚህ አሮጊት ያለ ተጫዋች ግን አላየችም። ጠዋት ጠዋት በመታጠብ ብዛት የነጣችውን ሹራባቸውን ለብሰው ይመጡና የኦክስጂን ማሽናቸውን እግራቸው ሥር ያስቀምጣሉ። አየር በሳቡ ቁጥር ማሽኑ ጠሽ ይላል። እዚህ ጠረጴዛ ላይ የማይረባ ካርታ ይዞ ጥሩ እንደያዘ የሚያስመስል ሰው የሚነቃበት ትንፋሹ ሲለዋወጥ ስለሆነ፣ ሁሉም ጆሮውን ወደ ማሽኑ ይጥላል።

ዛሬ አሮጊቷ በገንዘብ ምትክ የሚያስይዙትን ጠጠር በሙሉ ወደ መሃል ገፉት። አብሯቸው የሚጫወተው የከባድ መኪና ሹፌር ዱዌይን ካርታውን ደረቱ ላይ ለጥፎ አዳመጠ። ጠሽ... ጠሽ... እንደ ተኛ ሕፃን።

«በቃ ይዘዋል እማማ፣ ይብሉት!» ብሎ ካርታውን ጣለ።

አሮጊቷ የራሳቸውን ገለጡ። ሰባትና ሁለት፤ ምንም የማይረባ። ጠረጴዛው በሳቅ ተናጋ።

«ኧረ ይሄን ትንፋሽ ከየት ነው የተማሩት?» አለ ዱዌይን፣ ኮፍያውን አንስቶላቸው።

«ቁም ሣጥን ውስጥ» አሉ፣ ጠጠሩን እየሰበሰቡ። «ባሌ ሰክሮ ሊመታኝ ቤቱን ሲያስስ፣ ልብሶቹ መሃል ተደብቄ።»

ዳርሊን ካርታውን ልትበውዝ አንስታ መልሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ማሽኑ ግን አሁንም በዚያው ልክ ነበር። ጠሽ... ጠሽ...